ሠላሳ ሰባት ብሎኖች

በሙዚቃ ድርሰት የድኅረ ምረቃ ክፍል ውስጥ እጅግ የሚፈራው ቃል «ይዘመራል» የሚለው ነበር። ቃሉ በቀይ እርሳስ ይጻፋል፤ የሚጽፉትም የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ተማሪው ወራት የለፋበትን ድርሰት ይዞ ሲቀርብ፣ ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ገጽ በገጽ ይመረምራሉ። አራት ድምፆች ተከታትለው፣ አንድ መንገደኛ አውቶቡስ እየጠበቀ ሊያንጎራጉራቸው በሚችል መልክ ተሰልፈው ከተገኙ፣ በኅዳጉ ላይ «ይዘመራል» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ የተጻፈበት ይመከራል፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ይገሠጻል፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈበት ግን ይሰናበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መንገድ የተሰናበተ አንድ ጎልማሳ ነበር። ዛሬ በየሠርጉ እየተጫወተ የራሱን ቤት ሠርቷል ይባላል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ስሙ የሚነሣው በሹክሹክታ፣ በክፉ በሽታ እንደ ሞተ ዘመድ ነው።

ኃላፊውን ተማሪዎቻቸው በሌሉበት «ዶክተር ስንጥቅ» ይሏቸዋል። ይህን ቅጽል ስም ያተረፉት አራት መቶ ገጽ በፈጀ መጽሐፋቸው ነው። መጽሐፉ ድምፅ ካልተሰነጠቀ እውነት አይወጣውም ብሎ ይጀምርና፣ ዜማ ምቾት ነው፣ ምቾትም ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። ይህን ሁሉ የጻፉት በተደላደለ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሆኑን ማንም አላነሣባቸውም። መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ሰው ስለ መኖሩ ማረጋገጫ የለም፤ በጽሑፉ ውስጥ ያልጠቀሰው ተማሪ ግን የለም። አንዱ ቅጂ በአዳራሹ የኋላ መስኮት ሥር ተሸጉጦ፣ መስኮቱ በነፋስ እንዳይላተም ያገለግላል። ከክፍሉ ኅትመቶች መካከል ለሰው ልጅ የሚታይ ጥቅም የሰጠው እርሱ ብቻ ነው።

መተላለፊያውም የኃላፊውን መንፈስ ተላብሶ ነበር። አንድ እግሩ በተሰበረ ወንበር ላይ «ይህ የጥበብ ሥራ ነው፤ አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጠገቡ ባለው የውሃ ቧንቧ ላይም ተመሳሳይ ወረቀት አለ። ቧንቧው ውሃ መስጠት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ጥበብ ይሁን ብልሽት ለይቶ የሚናገር ስለ ጠፋ የሚጠግነው አልተገኘም። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ ወለል ላይ የተበተኑ ጠርሙሶችን ሰብስባ በመጣሏ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻም ቢሆን ፊርማ እንደሌለበት ሳታረጋግጥ አታነሣም።

በዚህ ክፍል ሁለት ዓመት የተማረች አንዲት እጩ ነበረች። ትጉህ ናት፤ ጆሮዋም ጥሩ ነው፤ ጥፋቷም ይኸው ጆሮዋ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ «ይዘመራል»፣ በሁለተኛው መግቢያ ላይ ሌላ «ይዘመራል» ተጽፎባታል። የቀራት የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነበር። በከፍተኛ ማዕረግ ካለፈች በክፍሉ ውስጥ በረዳት መምህርነት እንደምትቀጠር ዶክተሩ ቃል ገብተውላታል፤ ሦስተኛው ቀይ ቃል ከተጻፈባት ደግሞ ሁለት ዓመቷን ነፋስ ይወስደዋል።

እጩዋ ከፈተናው በላይ የምትጠነቀቅለት አንድ ምስጢር ነበራት። የኮሌጁ ፒያኖ ቃኚ አባቷ ናቸው። እኚህ ሰው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየመጡ፣ የላሉትን የፒያኖ ክሮች አንድ በአንድ እያጠበቁ ወደ ትክክለኛ ድምፃቸው ሲመልሱ ኖረዋል። ልጃቸው ግን ስትመዘገብ «የአባት ሥራ» በሚለው ክፍት ቦታ «ጡረተኛ» ብላ ጻፈች። ያን ዕለት ማታ ለአባቷ ብትነግራቸው አልተቆጡም።

«ልክ አድርገሻል» አሏት። «የቃኚ ልጅ ናት ካሉ፣ በጻፍሽ ቁጥር እጅሽን እንጂ ሥራሽን አያዩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባት ልጃቸውን በመተላለፊያው ሲያገኟት ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው «እንደምን አደሩ፣ ተማሪ?» ይሏታል። እርሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች። ጠዋት አባት አንድ አውቶቡስ ቀድመው ይሳፈራሉ፤ ልጅ በሚቀጥለው ትመጣለች። ማታ በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ጨው አቀብዪኝ» ይሏታል። አባቱን «እንደምን አደሩ» አሰኝቶ የሚያልፍ ልጅ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ የድኅረ ምረቃ ትምህርት አያስፈልግም። አባት ግን ይህን እንደ ክህደት ሳይሆን እንደ አባትነት ግዴታ ቈጥረውት ነበር።

አሁን ስለ ዜማዪቱ እንናገር። ቃኚው አንድ ፒያኖ ቃኝተው ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚጫወቷት አንዲት ትንሽ ዜማ አለች። ራሳቸው ለመፈተኛ የሠሯት ናት፤ ስም የላትም፤ ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም። ከታችኛው ወፍራም ክር ተነሥታ እስከ ላይኛው ቀጭን ክር ትወጣና ተመልሳ ትወርዳለች፤ በመንገዷ የተዛባ ክር ካለ ታጋልጠዋለች። እጩዋ ይህችን ዜማ የሰማቻት ከእናቷ ድምፅ ቀጥሎ ነው። የማይዘመር ነገር ልጻፍ ብላ ስድስት ወር ስትታገል፣ ወረቀቱ ላይ የምትመጣባት ይህችው ነበረች። በበሩ ስታባርራት በመስኮት ትገባለች።

በመጨረሻ እጩዋ አንድ ዘዴ አገኘች። ዜማዋን እንዳለች ጻፈቻት፤ ነገር ግን አንድ ደቂቃ የምትፈጀውን ወደ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ለጠጠቻት። ቀጥሎም ድርሰቱ «መሰናዶ በተደረገለት ፒያኖ» እንዲቀርብ አዘዘች። ይህም ማለት በክሮቹ መካከል ብሎንና ላጲስ ይሸጐጣል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ክሩ የራሱን ድምፅ በማሰማት ፈንታ ድም፣ ቃጭ፣ ኩርር ይላል። ሠላሳ ሰባት ብሎኖችና ዘጠኝ ላጲሶች ዜማዋን ቀበሯት። የእያንዳንዱ ብሎን ቦታ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በዐሥራ አራት ገጽ ሠንጠረዥ ተዘረዘረ።

ዶክተር ስንጥቅ ሠንጠረዡን ሲቀበሉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፈካ።

«ይኼ ቁጥር ሃያ ሁለት ብሎን ለምን እዚህ ጋ ሆነ?»

«ትንሽ ከራቀ ድምፁ ይሰማል፣ ዶክተር።»

«ይሰማል ማለት?»

«ማለቴ... የክሩ የራሱ ድምፅ።»

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! ክር የራሱ ድምፅ አለኝ ብሎ ማሰቡ ነው ትልቁ ትዕቢት።» ሠንጠረዡን እንደ ሕፃን ዐቀፉት።

«ኖታውንም ላሳይዎት?» አለች።

«ኖታውን ተዪው። ብሎን ባለበት ፒያኖ ላይ ኖታ ምን ሊነግረኝ ነው? ዋናው መሰናዶው ነው።» ቀዩ እርሳስ ከኪሳቸው ሳይወጣ ቀረ። «እንዲያውም በትልቁ ፒያኖ ይሁንልሽ። እኔ ፈቅጃለሁ።»

ስሕተቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በኮሌጁ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በምድር ቤት በተጣለው አሮጌ ፒያኖ ብቻ ነበር፤ የአዳራሹን ትልቅ ፒያኖ ብሎን ነክቶት አያውቅም። ደግሞም በእያንዳንዱ የመመረቂያ ፈተና ዕለት ጠዋት ትልቁ ፒያኖ ይቃኛል፤ ለዚህም ኃላፊው የሥራ ማዘዣ ይፈርማሉ። ዶክተር ስንጥቅ በአንድ የወረቀት ኅዳግ ላይ ሦስት ሰዓት የሚራቀቁ ሰው ቢሆኑም፣ የሥራ ማዘዣ አንብበው ፈርመው አያውቁም። እንደ ወትሮው ፈረሙ።

እጩዋ በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በማስመሪያና በመቆንጠጫ አራት ሰዓት ስትደክም ዋለች። ሠላሳ ሰባቱን ብሎኖች አስገብታ፣ ክዳኑን ዘግታ፣ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ሄደች።

በማግሥቱ ማለዳ ቃኚው ማዘዣቸውን ይዘው ገቡ። የልጃቸው ፈተና መሆኑን ያውቃሉ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ከረባትም አስረዋል። «አትንኩ» የሚለውን ወረቀት አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለእርሳቸው የተጻፈ አልመሰላቸውም፤ ሐኪም «መግባት ክልክል ነው» የሚል በር ከፍቶ ሲገባ ወንጀል ሠራ የሚል የለምና። ክዳኑን ሲከፍቱ ግን በክሮቹ መካከል የተሰገሰጉትን ብሎኖች አዩ።

«ወይኔ!» አሉ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ሰው ባለመኖሩ የተናገሩት ለፒያኖው ነበር። ቀናተኛ የክፍል ጓደኛ ልጃቸውን ሊያሰናክል ያደረገው ተንኮል መስሏቸው ደማቸው ፈላ። ከዚያም ንዴታቸውን ዋጥ አድርገው ሥራቸውን ጀመሩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ ለክስ ማስረጃ ይሆናሉ ብለው ከየትኛው ክር እንደወጡ በትንሽ ወረቀት እየጻፉ፣ በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደረደሯቸው። ላጲሶቹንም ጨመሩ። ከዚያ ፒያኖውን በዕድሜያቸው ቃኝተው በማያውቁት ጥንቃቄ ቃኙ። በማዘዣው ግርጌ «የተገኘ ብልሽት» በሚለው መስመር ላይ «ባዕድ ነገር፣ አርባ ስድስት ፍሬ፤ ተወግዷል» ብለው ፈረሙ። የፈተናው ሰዓት ሲደርስ የብስኩቱን ቆርቆሮ ታቅፈው ከኋለኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ስንጥቅ ናቸው። ሁለተኛዋ ከሌላ ተቋም የተጋበዙ፣ አርባ ዓመት ድምፃውያንን ያሠለጠኑ አሮጊት መምህርት ሲሆኑ፣ ክፍሉን የማያውቁትና ክፍሉም የማያውቃቸው እንግዳ ነበሩ። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ወጣት መምህር ሲሆን፣ ድምፅ የሚሰጠው ዶክተሩ እጅ ባወጡበት አቅጣጫ ነው።

ዶክተሩ ሃያ ደቂቃ የፈጀ መግቢያ አነበቡ። «ዛሬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ዜማ የተባለውን አሮጌ ማታለያ ግብዓተ መሬት እንመለከታለን።» አሮጊቷ መምህርት አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ነበር።

ፒያኖ ተጫዋቹ፣ የእጩዋ የክፍል ጓደኛ፣ ተቀመጠ። በዚያ ክፍል የተማረ ሰው በምንም አይደነግጥምና ወደ ፒያኖው ሆድ አልተመለከተም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

ድም አላለም። አንድ ጥርት ያለ፣ ክብ፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ የሚያበራ ድምፅ በአዳራሹ ተንሳፈፈ።

የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠችው እጩ የወንበሯን ክንድ ጨመደደች። ተጫዋቹን ለአንድ አፍታ ገረመው፤ ግን ቀጠለ። ሁለተኛው ድምፅ መጣ፤ ሦስተኛውም፤ አራተኛውም። ዜማዋ እርቃኗን፣ ቀስ እያለች፣ ማንንም ሳትፈራ አዳራሹ መካከል ቆመች። በሁለተኛው ደቂቃ አሮጊቷ መምህርት አገጫቸውን አነሡ። በአራተኛው የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ የጫማው ጫፍ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ዶክተሩ ሲመለከቱት እግሩን ከወንበሩ ሥር ደበቀ። በዘጠነኛው የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ገርበብ አድርጋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። የዶክተሩ ቀኝ እጅ ግን ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ወደ ኪሱ ሄዶ ቀዩን እርሳስ ፈለገ።

በኋለኛው ረድፍ ቃኚው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም፤ ሊቀ መንበሩ ሳያጨበጭቡ ማጨብጨብ ልማድ አልነበረም። አሮጊቷ መምህርት ብቻ «ይኼ ነገር ያምራል!» አሉ ጮክ ብለው። «የማን ነው?»

ዶክተር ስንጥቅ ተነሡ። ግብዓተ መሬቱን በይፋ ካወጁ ግማሽ ሰዓት ያልሞላቸው ሰው፣ ሟች ተነሥቶ ሲራመድ ሲያዩ ሁለት ምርጫ አላቸው፤ ወይ ማፈር፣ ወይ ማብራራት። እርሳቸው አፍረው አያውቁም።

«ተመልከቱ» አሉ። «ዐሥራ አራት ገጽ መሰናዶ ቃል ተገባልን። ጆሯችን ብሎን ጠብቆ መጣ። ብሎኑ ግን ተነፈገን! የተሰነጠቀው ክሩ አይደለም፤ የተሰነጠቀው የእኛ ጥበቃ ነው። ይህ ከመጽሐፌ ምዕራፍ ሰባት አልፎ የሄደ ነው!» ወደ እጩዋ ዞሩ። «ሆን ብለሽ ነው፣ አይደል?»

ጸሐፊው ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። አንድ ጊዜ ራስን መነቅነቅ፣ ከፍተኛ ማዕረግና የመምህርነት ወንበር ነበር። እጩዋ አፏን ከፈተች፤ ግን ከኋላ የወንበር ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር» አሉ ቃኚው ቆመው። «ብሎኖቹን የሚፈልጉ ከሆነ እኔ ጋ ናቸው።» የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈቱ። «ሠላሳ ሰባቱም አሉ። ተማሪዋ ምንም አያውቁም። ተንኮለኛ አስገብቶባቸው ነው፤ እኔ ማለዳ አወጣኋቸው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ዶክተሩ ከምዕራፍ ሰባት ተንሸራተው ወረዱ።

«አወጣኋቸው? በማን ፈቃድ ነው ያወጣሃቸው? ይኼ እኮ የጥበብ ሥራ ነው!»

«በእርስዎ፣ ዶክተር።» ማዘዣውን ከኪሳቸው አወጡ። «‹ትልቁ ፒያኖ ለፈተናው ይቃኝ› ይላል። ፊርማዎ ነው። ብሎን ያለበት ፒያኖ ደግሞ አይቃኝም።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀብለው የመጀመሪያቸውን የሥራ ማዘዣ አነበቡ። ከዚያ ወደ ተጫዋቹ ዞሩ።

«አንተስ? ብሎን እንደሌለ እያየህ ለምን አላቆምክም?»

«የኖታው ገጽ አንድ ላይ ‹ምንም ቢፈጠር አታቁም› ይላል። እርስዎ ነዎት ሁላችንንም የሚያስጽፉን።»

«በቃ!» ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገሩ ቀላል ነው። ተማሪዋ ለቃኚው ‹አውጣልኝ› ብላ አዝዛው ከሆነ፣ ሐሳቡ የእርሷ ነው፤ ማዕረጉም የእርሷ ነው። አላዘዘችው ከሆነ ግን ዛሬ የተሰማው የማንም ሥራ አይደለም፤ የቃኚው ውልም መታየቱ አይቀርም። ፊርማ አለ ብዬ አልተወውም፤ ሥራ ወድሟል። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።»

እጩዋ ከመመለሷ በፊት ቃኚው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው እያዞሩ መናገር ጀመሩ።

«አሁን... አሁን ትዝ አለኝ፣ ዶክተር። ተማሪዋ ነግረውኛል መሰለኝ። አዎ፣ ትናንት። ‹ያውጡልኝ› ብለውኝ ነበር። እኔ ዕድሜ ተጫጭኖኝ እረሳለሁ...»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላጠበቁትን ክር «ጠብቋል» ብለው ሪፖርት ያላደረጉ ሰው ሲዋሹ፣ ውሸቱ እንደ ተዋሱት ኮት አልሆናቸውም። ጆሯቸው ቀላ። ልጅቷ ይህን አየች። ስለ ራሷ ሁለት ዓመት መዋሸት ችላለች፤ አባቷ ስለ እርሷ ሲዋሹ መስማት ግን አልቻለችም።

«አባዬ፣ ተው» አለች። «አባዬ፣ በናትህ ተው።»

ቃኚው ኮፍያቸውን ማዞር አቆሙ።

«አባቴ ናቸው» አለች ወደ ፈታኞቹ ዞራ። «ቅጹ ላይ ‹ጡረተኛ› ብዬ ዋሽቼ ነው። አላዘዝኳቸውም። ዜማዋም የእርሳቸው ናት፤ ፒያኖ ቃኝተው ሲጨርሱ የሚፈትኑባት። በዚህ ቤት በየሳምንቱ ስትሰማ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማናችሁም አላወቃችኋትም። እኔ በእርሷም በእርሳቸውም አፍሬ ነው ብሎን የከመርኩባት።»

ዶክተር ስንጥቅ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሲከፍቷቸው በደስታ ይንቦገቦጉ ነበር።

«ኑዛዜ!» አሉ። «ሁለተኛው ክፍል! አባት ከኋላ ተነሥቶ፣ ቆርቆሮው፣ ‹አባዬ ተው›... የኔ ልጅ፣ ይኼማ ከመጀመሪያውም ይበልጣል!»

ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። «ቃለ ጉባኤው ላይ እንደ ሙዚቃ ልያዘው ወይስ እንደ ንግግር?»

«እንደ ሙዚቃ!»

«እንደ ንግግር» አለች እጩዋ። «አባቴ ሥራ ላይ ነበሩ። እኔም እያወራሁ ነው። ማናችንም ትርኢት አላሳየንም። ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለውም፤ አለ ብሎ የሚጽፍ ካለ አልፈርምም።»

በዶክተሩ ፊት ላይ የነበረው ደስታ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ መብራት እንደሚቀንስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኖታውን ከጠረጴዛው አንሥተው ገለጡ። በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቀዩን እርሳስ አሳርፈው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭነው «ይዘመራል» ብለው ጻፉ።

«ሦስተኛው ነው» አሉ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«የምን ደንብ?» አሉ አሮጊቷ መምህርት።

«ሦስት ጊዜ ‹ይዘመራል› የተባለ ይሰናበታል።»

«ይዘመራል ከተባለ ታዲያ ይዘመራ! የት ነው እንዲህ የሚል የተጻፈው? እስቲ ደንቡን አምጣልኝ፣ አንተ ልጅ።»

ጸሐፊው የኮሌጁን መተዳደሪያ ደንብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ገለጠ። ስለ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለው፤ ስለሚዘመርና ስለማይዘመር ግን አንዲት መስመር የለበትም። ሕጉ ከቀዩ እርሳስ በስተቀር የትም ተጽፎ አያውቅም፤ ትውልድ ያንቀጠቀጠ ሕግ ነበር።

በሩን ዘግተው አንድ ሰዓት ተከራከሩ። እጩዋ ለማለፍ በሚያበቃው ዝቅተኛ ውጤት እንድታልፍ፣ ድርሰቷ በቤተ መጻሕፍቱ እንዳይቀመጥ፣ የረዳት መምህርነቱ ወንበርም ለሌላ እንዲሰጥ ተወሰነ። ወንበሩን ያገኘው ፒያኖ ተጫዋቹ ነው፤ ምንም ቢፈጠር ባለማቆሙ ተመሰገነ። የቃኚውን ውል የሚያነሣ አልተገኘም፤ ጉዳዩ ከታየ ፊርማው አብሮ ይታያልና።

አባትና ልጅ በመተላለፊያው ሲወጡ የመሣሪያ ቦርሳውን የያዘችው እርሷ ነበረች። እግሩ ከተሰበረው ወንበር አጠገብ ሲደርሱ አባት ቆሙ።

«እኔ ልቅደም» አሉ። «አውቶቡሱ ሊደርስ ነው፤ አንቺ በሚቀጥለው...»

«በአንዱ እንሄዳለን።»

ጥቂት እንደ ተራመዱ፣ «ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ድርሰት ነው ያስተማሩሽ?» አሏት።

«አይደለም። ዜማዋን ከቤት ነው ያመጣኋት።»

«ታዲያ የአንድ ደቂቃዋን ነገር ዐሥራ አንድ ደቂቃ ምን አስጎተተሽ?»

«እንዳያውቋት ብዬ።»

«እኔ ገና በሁለተኛዋ ድምፅ አወቅኋት።» ቀጥለውም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ብሎን ከምትከምሪባት ብትነግሪኝ እኮ ሌላ መፈተኛ እሠራ ነበር» አሉ።

ልጅቷ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ እንደዚያ ከባድ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ደረጃው አጠገብ ሲደርሱ ከላይ ፉጨት ሰሙ። አንድ ሰው ወደ ቢሮው እየወጣ፣ ራሱን ረስቶ፣ የቃኚውን ዜማ ያፏጫል። ቀና ሲሉ ዶክተር ስንጥቅ ናቸው። ዐይን ለዐይን ሲገናኙ ፉጨቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቃኚው ኮፍያቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ ትንሽ ዝቅ ብለዋል፣ ዶክተር» አሉ በአክብሮት።

ዶክተሩ ሳል የያዛቸው መስለው አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ቢሯቸው ገብተውም በሩን ዘጉ። አባትና ልጅ ደረጃው ሥር ጥቂት ቆሙ። ከቆይታ በኋላ ፉጨቱ ከውስጥ እንደገና ተጀመረ፣ በጣም በቀስታ። ሦስተኛዋ ድምፅ ተስተካክላ ነበር።